የግንባር ባትሪያችሁን ዝቅ አድርጉ!

ቅዳሜ ነው፣ ከሌሊቱ 11 ሰዓት። አራት ሆነን ከሽሮ ሜዳ ወደ እንጦጦ እየወጣን ነው። ከመካከላችን አንዱ በዚያው ሳምንት የገዛውን የግንባር ባትሪ አስሯል። ካርቶኑ ላይ በትልቁ «10,000 ሉመን» ተጽፎበታል። «ይሄ ባትሪ አይደለም፣ ስታዲየም ነው» እያለ ሲጎርርብን ነው ያደረው።

ዳገቱ ላይ አንዲት እናት እንጨት ተሸክመው ይወርዳሉ። ጓደኛችን «እንደምን አደሩ» ለማለት ቀና ሲል ብርሃኑ ዓይናቸው ውስጥ ገባ። እግራቸው ድንጋይ ሳተ፣ ሸክሙ ወደ ጎን ጎተታቸው፣ በጉልበታቸው ወደቁ። ሮጠን አነሳናቸው። «ይቅርታ እማማ» አልን። እሳቸው ጉልበታቸውን እያሻሹ፣ «ልጆቼ፣ እናንተ እንድታዩ እኔ ልታወር?» አሉን።

መልስ አልነበረንም። ስታዲየሙም ጫፍ ሳንደርስ ጠፋ።

ከዚያ ወዲህ ብዙ ስላወራንበት አቋማችንን እነሆ፦ የግንባር ባትሪ የሚገዛው ለእግር እንጂ ለጉራ አይደለም። ስታበሩትም ከፊት የሚመጣውን ሰው አስባችሁ መሆን አለበት።

«በሌሊት ምን አስሮጣችሁ?» የሚለን አይጠፋም። አዲስ አበባ ላይ ፀሐይ ዓመቱን ሙሉ የምትወጣው ከ12 እስከ 1 ሰዓት ባለው ጊዜ ውስጥ ነው። የምትጠልቀውም እንደዚያው ነው። 1 ሰዓት ላይ ታክሲ ሰልፍ የሚጠብቀን እኛ ቀን የት አለን? ያለን ሌሊቱ ነው።

እንግዲህ ሱቅ ስትገቡ በቁጥር አትደንግጡ። ሉመን ማለት ከባትሪው የሚወጣው ጠቅላላ ብርሃን ነው፤ የት እንደሚያርፍ አይናገርም። ደግሞም ብርሃን በርቀት ቶሎ ይሳሳል፦ በዚያው ባትሪ እጥፍ ርቀት በእኩል ድምቀት ለማየት አራት እጥፍ ብርሃን ያስፈልጋል። ስለዚህ ቁጥሩ እጥፍ ሲሆን ዕይታችሁ እጥፍ አይሆንም፤ ድንጋዩ ግን ቶሎ ያልቃል። ለእኛ ሩጫ ከ200 እስከ 300 እውነተኛ ሉመን ለጫካ መንገድ በቂ ነው። መብራት ላለው አስፋልት ከዚያም ያንሳል።

ካርቶኑ ላይ ያለው ሰዓትም ወጥመድ አለው። በ2009 (እ.ኤ.አ.) በወጣው ኤፍ ኤል 1 በሚባለው የአሜሪካ መለኪያ፣ «የሚቆይበት ጊዜ» የሚቆጠረው ብርሃኑ ከመነሻው ወደ 10 በመቶ እስኪወርድ ነው። 300 ሉመን የነበረው 30 እስኪሆን ማለት ነው። «6 ሰዓት ይቆያል» ሲላችሁ 6 ሰዓት ሙሉ እንደ መጀመሪያው ያበራል ማለቱ አይደለም። ብርድ ደግሞ የድንጋዩን ጉልበት ይቀንሰዋል። እንጦጦ ከ3,000 ሜትር በላይ ነው፤ ሰሜን ተራሮች ለመውጣት የምታስቡ ደግሞ ትርፍ ድንጋይ በኪሳችሁ፣ ሰውነታችሁ በሚያሞቀው ቦታ ያዙ።

ሌላው ቀላል ነው። ክረምቱን ለመቻል አይ ፒ ኤክስ 4 የሚል ይኑርበት፤ ከየአቅጣጫው የሚረጭ ውሃ ይችላል ማለት ነው። በጓንትም ቢሆን በዳበሳ የሚገኝ ቁልፍ ይኑረው። ከሁሉም በላይ እዚያው ሱቅ ውስጥ ግንባራችሁ ላይ አስራችሁ ዝለሉ። ባለሱቁ ይሳቅ። የሚንከባለል ባትሪ ይዞ ዳገት ከመሮጥ መሳቂያ መሆን ይሻላል።

አጠቃቀሙ ላይ ብዙዎቻችን የማናውቀው ነገር አለ። ብርሃኑ ከዓይናችን አጠገብ ስለሚነሳ የድንጋዩ ጥላ ከድንጋዩ ኋላ ይደበቅብናል፤ ጎርበጥባጣው መንገድ ሜዳ ይመስላል። በጭጋግ ጊዜ ደግሞ ብርሃኑ ተመልሶ ፊታችን ላይ ነጭ ግድግዳ ይሠራል። መፍትሔው አንድ ነው፦ ከግንባር አውርዶ በእጅ፣ ወገብ አካባቢ መያዝ። ጥላው ይረዝማል፣ ጭጋጉም ይሳሳል።

አሁን ወደ እማማ እንመለስ። ዓይን ጨለማን በደንብ ለመልመድ ከ20 እስከ 30 ደቂቃ ይፈልጋል። ያንን ልምድ ኃይለኛ ነጭ ብርሃን በአንድ አፍታ ያጠፋዋል። ያለ ባትሪ የሚሄድ ሰው፣ ኪዳን ለመድረስ ነጠላዋን ተከናንባ የምትወጣው እናትም ሆነች ወደ ሥራ የሚወርደው የቀን ሠራተኛ፣ ያለው ሀብት ያ ጨለማን የለመደ ዓይን ነው። እኛ በሁለት ሰከንድ እናልፋለን፤ እሱ ግን ቀሪውን ቁልቁለት በዳበሳ ይወርዳል። ጅብ ዓይን ላይ ስታበሩ መልሶ ያበራባችኋል። ሰው ግን ይታወራል።

ስለዚህ ደንባችን ይህ ነው። ሰው ከሩቅ ስታዩ ባትሪውን ወደ ዝቅተኛው አውርዱ፣ ወይም በመዳፋችሁ ጋርዱት። ፊት አትዩ፣ እግር እግሩን እዩ። በድምፅ ሰላም በሉ፤ ሰው መሆናችሁ ይታወቅ። ሸክም ላለው ቁሙና መንገድ ልቀቁ። ቀይ ብርሃን ያለው ባትሪ ካገኛችሁ እሱን ግዙ፤ ደብዘዝ ያለ ቀይ የለመደውን ዓይን ያን ያህል አይጎዳውም። አስፋልት ላይ ግን ነገሩ ይለያል። እዚያ መኪና ሊያያችሁ ይገባልና አታጥፉ፤ ከኋላችሁም የሚያንጸባርቅ ነገር ይኑር።

ከመካከላችን አንዷ ይህን ስታነብ ተቃወመችን። «እኔ ብቻዬን ስሮጥ ኃይለኛው ብርሃን መከላከያዬ ነው፤ የሚመጣው ማን እንደሆነ ሳላይ ዝቅ አላደርግም» አለች። እውነቷን ነው። የእሷን ስጋት እኛ ወንዶቹ ተሸክመነው አናውቅም። ስምምነታችን ይህ ሆነ፦ ኃይለኛው በአንድ ጣት የሚደረስበት ይሁን፣ መነሻው ግን ዝቅተኛው ይሁን። ስጋት የተሰማው ያብራ። በቡድን የሚሮጥ ግን ሰበብ የለውም።

አበበ ቢቂላ ሮም ላይ በባዶ እግሩ ያሸነፈው ጳጉሜን 5 ቀን 1952 ዓ.ም.፣ በአዲስ ዓመት ዋዜማ ነበር። ውድድሩ አመሻሽ ላይ ተጀምሮ ያለቀው በጨለማ ነው። በአፒያ ጥንታዊ መንገድ ዳር የቆሙ የጣሊያን ወታደሮች ችቦ ይዘው ያበሩ ነበር። ታላቁ የሌሊት ሩጫችን በሌላ ሰው እጅ በተያዘ ብርሃን የተሮጠ ነው። እኛ ብርሃኑን በግንባራችን ይዘን ሰው ከጣልንበት ምኑን ሮጥነው?

እማማን ከዚያ በኋላ ሁለት ጊዜ አግኝተናቸዋል። ሁለቱንም ጊዜ ቆመን፣ ባትሪያችንን በመዳፋችን ሸፍነን አሳለፍናቸው። በሁለተኛው ጊዜ መረቁን።

ቅዳሜ 11 ሰዓት፣ ሽሮ ሜዳ። ድንጋይ መቀየር እንዳትረሱ።