ሰርቨር ሲወድቅ መብራት ብቻ አይወቀስ

የባሕር ዳር እህል ነጋዴ የጆንያውን አፍ ብቻ አይቶ ሂሳብ አይከፍልም፤ ከመሃል አስዘግኖ ያያል። ሰርቨር ሲከራይ ግን ዋጋ ጠይቆ ይፈርማል። ሲስተሙ ሲቋረጥ ደግሞ፣ ከተማዋ ለጢስ ዓባይ ማመንጫዎች ቅርብ ብትሆንም፣ ቀድሞ የሚወቀሰው መብራት ነው።

ይሁንና ጥፋቱ ሌላ ቦታ ሊሆን ይችላል። በኪራይ የሚቀርበው ሰርቨር ብዙውን ጊዜ ቨርቹዋል ማሽን ነው፤ አንድ ትልቅ ኮምፒውተር በሶፍትዌር ለብዙ ደንበኞች ይከፋፈላል። ደንበኛው የሚያየው ዲስክና የኔትዎርክ ካርድ እውነተኛ ዕቃ ሳይሆን በፕሮግራም የተመሰለ ነው። ይህ ፕሮግራም ሲሳሳት ጤነኛው የሂሳብ ሲስተም አብሮ ይወድቃል።

ለዚህ ጥሩ ማስረጃ በግንቦት 2007 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. 2015) ይፋ የሆነው «ቬኖም» የተባለው ስህተት ነው። ኪውኤሙ በተሰኘው የማስመሰያ ሶፍትዌር ውስጥ፣ በፍሎፒ ዲስክ መቆጣጠሪያው ላይ፣ እ.ኤ.አ. ከ2004 ጀምሮ ተደብቆ ኖሯል። በአንዱ ደንበኛ ማሽን ላይ ሙሉ ሥልጣን ያለው ሰው ማሽኑን ሊጥል፣ አልፎም ወደ ዋናው ኮምፒውተር ሊሻገር የሚያስችል ነበር። ፍሎፒውን ማጥፋት ብቻውን አላዳነም። ሶፍትዌሩን ማደስና ማሽኑን ሙሉ በሙሉ ዘግቶ እንደገና ማስነሳት አስፈልጓል፤ ከውስጥ ሪስታርት ማድረግ አልበቃም።

ታዲያ ደንበኛው ምን ይጠይቅ? አንደኛ፣ የዋናውን ኮምፒውተር መዝገብ (ሎግ)። በድንገት የወደቀው ማሽን የራሱን መጨረሻ ላይጽፍ ይችላልና። ሁለተኛ፣ የማስመሰያው ሶፍትዌር መቼ እንደታደሰ። ሦስተኛ፣ በማሽኑ ላይ የተሰኩት የተመሰሉ ዕቃዎች ዝርዝር፤ የማያስፈልገው ይነሳ። የተጠረጠረው ዕቃ በቅጂ ላይ፣ አንድ በአንድ እየተቀየረ ይፈተሽ። የቆየው የኔትዎርክ ካርድ ዓይነት ለቨርቹዋል ማሽን ተብሎ በተሠራው ቨርትአይኦ ሊተካ ይችላል። የዊንዶውስ ዲስክ ሲቀየር ግን ድራይቨሩ አስቀድሞ ካልተጫነ ማሽኑ ጨርሶ ላይነሳ ይችላል።

እነዚህ ጥያቄዎች በቃል ሲቀሩ ዋጋ የላቸውም፤ ውል ውስጥ መግባት አለባቸው። ሎጉን ለማሳየት ያልተስማማ አከራይ የገበያ ቀን ሽያጭ ሲቋረጥ ጥፋቱ የማን እንደሆነ የሚናገረው እሱ ብቻ ይሆናል። ኪሳራውን የሚሸከመው ግን ነጋዴው ነው።