አገልግሉ ከግድግዳ ይውረድ

ከፍኖተ ሰላም እስከ ቡሬ በመንገዱ ዳር ካሉት ቤቶች ብዙዎቹ ሳሎናቸው ውስጥ አገልግል ሰቅለዋል። በስንደዶና በአክርማ የተሰፋ፣ ከላይ ቆዳ የለበሰ፣ ክዳኑ በጠፍር የሚታሰር፣ በትከሻ የሚነገትበት ማንገቻ ያለው ነው። እንግዳ አይቶ ያደንቀዋል፤ በበዓል ዋዜማ አቧራው ይራገፍለታል፤ ከዚያ ተመልሶ ሚስማሩ ላይ ይንጠለጠላል። የቤት ጌጥ ሆኗል።

አገልግል ግን የመንገድ ዕቃ ነው። ዘመድ ሊጠየቅ፣ ንግሥ ሊኬድ፣ አራስ ሊታይ ሲታሰብ እናት ፍትፍቱን ጠቅጥቃ ትከድነዋለች፤ ጠፍሩ ይጠብቃል፤ አንግቶት የሚሄደው ልጅ መንገዱን ሁሉ ሙቀቱ ጎኑ ላይ ይሰማዋል። ዛፍ ጥላ ሥር ሲከፈት የቅቤና የቆዳ ሽታ ተቀላቅሎ ይወጣል። ሽርሽር ከከተማ የመጣ ልማድ ነው የሚል ሰው ይህን ዕቃ አንድ ጊዜ ልብ ብሎ ይየው። የጎጃም ቤተሰብ ተሰብስቦ ለመውጣት የሚሆነውን ዕቃ ሰፍቶ፣ ቆዳ አልብሶ፣ ማንገቻ አበጅቶ ያስቀመጠው ሽርሽር የሚለው ቃል ፋሽን ከመሆኑ በፊት ነው።

ዛሬ «ቤተሰብ ይዞ መውጣት» ሲባል ብዙ ሰው ቶሎ ትዝ የሚለው ባሕር ዳር ነው፤ ጣና፣ ጀልባ፣ ሆቴል። የመኪናው፣ የአልጋውና የምግቡ ሂሳብ ሲደመር ጉዞው ይቀራል፤ ልጆቹም የዕረፍት ጊዜያቸውን ግቢ ውስጥ ይጨርሱታል።

ከነሐሴ 2015 ዓ.ም. ወዲህ ደግሞ ከገንዘብም የከበደ ምክንያት አለ። በአማራ ክልል የተቀሰቀሰው ጦርነት ምዕራብ ጎጃምን አላለፈም። ፍኖተ ሰላም በዚያው ወር ከአየር በተፈጸመ ጥቃት ልጆቿን ቀብራለች። ስሟ በግእዝ የሰላም መንገድ ማለት ነው፤ መንገዱ ተዘግቶ የዋለባቸው ቀናት ግን ብዙ ናቸው። እንዲህ ባለ ጊዜ ስለ ሽርሽርና ስለ ጣፋጭ መጻፍ ቅንጦት የሚመስለው ሰው ይኖራል። የዚህ ጽሑፍ አቅራቢ የሚያምነው ተቃራኒውን ነው። ረጅሙ መንገድ ሲዘጋ አጭሩ ይቀራል፤ ልጅነት ደግሞ ሰላም እስኪወርድ ቆሞ አይጠብቅም።

አጭሩ መንገድ ሩቅ አይደለም። ለፍኖተ ሰላም ሰው የላህ ወንዝ ዳር፣ ለቡሬ ሰው ፈጣም አለ። ለገጠሩ ቤተሰብ የአያት ጓሮ፣ የቤተ ክርስቲያን ደጅ ያለ የወይራ ጥላ፣ ወይም አዝመራው ከተነሳ በኋላ የመስኩ ዳር ይበቃል። ማንኩሳ በሁለቱ ከተሞች መካከል ናት፤ በ1958 ዓ.ም. የታተመው የሀዲስ ዓለማየሁ «ፍቅር እስከ መቃብር» ታሪኩን የሚጀምረው እዚያ ነው። መጽሐፉን ያነበበ ወጣት ከእናት አባቱ ጋር ማንኩሳ ላይ ዛፍ ሥር ተቀምጦ ዳቦ ቢቆርስ፣ ጮክ ብሎም ሁለት ገጽ ቢያነብላቸው፣ ለትራንስፖርት የሚወጣው ትንሽ ነው። መንገዱ ሰላም ሲሆን ደግሞ ከቡሬ ወደ እንጅባራ በሚወስደው አስፋልት ዳር የዘንገና ሐይቅ ይጠብቃል፤ በእሳተ ገሞራ ጉድጓድ ውስጥ የተኛ፣ ዙሪያው በዛፍ የተከበበ ውሃ ነው።

የሰከላው ግሽ ዓባይ ለብቻው ሊነሳ ይገባዋል። ጥር 13 ቀን የአቡነ ዘርዐ ብሩክ በዓል ሲከበር ሕዝቡ ወደ ምንጩ ይጎርፋል። ጠበሉን የሚጠጣ ሰው እህል አይቀምስም፤ ከጠጣ በኋላ ነው አገልግሉ የሚፈታው። ማለዳ ተነስቶ፣ ዳገት ወጥቶ፣ በባዶ ሆዱ ጠበል ጠጥቶ ሣር ላይ የተቀመጠ ልጅ የሚቀምሳት የመጀመሪያዋ ቁራሽ ዳቦ ምን ያህል እንደምትጣፍጥ የሄደ ሁሉ ያውቀዋል። ከሁለት ቀን በፊት የሚውለው ጥምቀትም ቢሆን፣ በ2012 ዓ.ም. በዩኔስኮ በማይዳሰስ ቅርስነት የተመዘገበው መንፈሳዊ ክብሩ እንዳለ ሆኖ፣ ቤተሰብ በሙሉ ለብሶ ወጥቶ ሜዳ ላይ የሚውልበት ቀን ነው። አያት፣ የልጅ ልጅ፣ የክርስትና ልጅ፣ ጎረቤት አንድ ጋቢ ላይ ይቀመጣሉ።

እዚያ ጋቢ ላይ ምን ይቀርባል? የዚህ ጽሑፍ ጭንቀት ይህ ነው። ከቅርብ ጊዜ ወዲህ የቤተሰብ ስብሰባ ያለ ለስላሳ ሣጥንና ያለ ቶርታ የጎደለ መስሎ መታየት ጀምሯል። ልደት፣ ምረቃ፣ ክርስትና፣ ሁሉም ቶርታ ይጠይቃል። ኬክ ቤቶች ሠርተው ይብሉ፤ ልጅም አንድ ቀን ክሬም ቢልስ ምንም አይደለም። ችግሩ ቶርታ ያልገዛ ወላጅ ልጁን ያላከበረ መስሎ መሸማቀቁ ነው። ክሬሙ ደግሞ ፀሐይና ኮረኮንች አይወድም። ከኬክ ቤት እስከ ገጠር የአያት ቤት በባጃጅ የተጓዘ ቶርታ ምን ሆኖ እንደሚደርስ ያየ ያውቃል።

ማጣጣሚያ በባህላችን የለም ሲባል ይሰማል። ከወጥ በኋላ ጣፋጭ ማቅረብ ሥርዓታችን አለመሆኑ እውነት ነው። ገበታ ከተነሳ በኋላ የሚመጣው ግን ቡና ነው፤ ቡና ደግሞ ብቻውን አይመጣም። ቆሎ፣ ንፍሮ፣ ፈንዲሻ፣ ድፎ ዳቦ፣ በጎጃም ደግሞ በቅቤና በአዋዜ የራሰው አነባበሮ ይከተሉታል። ስሙ የቡና ቁርስ ነው። ማጣጣሚያችን ያለው እዚያ ስለሆነ ለልጆች የሚሆነው ጣፋጭ ሊበቅል የሚገባውም ከዚያው ነው።

ጾሙም ወደዚያው ይመራል። አጥብቆ የሚጾም ምእመን በዓመት ከ180 ቀን በላይ ሥጋ፣ ወተት፣ ቅቤና እንቁላል አይቀምስም። ረቡዕና ዓርብ አሉ፤ ሁዳዴ ብቻውን 55 ቀን ነው። እንቁላልና ክሬም ያለበት ኬክ በእነዚህ ቀናት ከስብሰባው ግማሹን ሰው ያስቀራል፤ አያት እያዩ ልጅ ይበላል። አባቶቻችንና እናቶቻችን ለዚህ መልስ ነበራቸው። ቡሄ ነሐሴ 13 ቀን ይውላል፤ ፍልሰታ ደግሞ ከነሐሴ 1 ይገባል፣ ነሐሴ 16 ይፈታል። ስለዚህ ጅራፍ እያጮኹ ለሚጨፍሩት ልጆች የሚታደለው ሙልሙል የጾም ዳቦ ነው። በዓመት ውስጥ የልጆች ከሚባሉት በዓላት ዋነኛው ያለ ወተትና ያለ ቅቤ ሲከበር ኖሯል፤ ማንም ጎደለ ብሎ አያውቅም።

ሆኖም «ቤት የተሠራ ይሻላል» የሚል ምክር አንድ አደጋ አለው፤ ሥራው ሁሉ እናት ላይ ይወድቃል። እሷ እንጨት ስትለቅም፣ ስታቦካ፣ ጭስ ስትውጥ አድራ ሌላው ቤተሰብ ሊዝናና ከወጣ ሽርሽሩ የእሷ አልሆነም። ድፎ ዳቦ በኮባ ቅጠል ተጠቅልሎ ሲጋገር የሚያህለው የለም፤ ግን ቀን ተመርጦለት፣ ለትልቅ በዓል ይሁን። ለተራው እሑድ የሚያስፈልገው አባትም ልጅም የሚሠራው፣ ምጣድ የማይጠይቅ ነገር ነው። እሱም በሶ ነው።

በሶ ቀድሞ የተቆላ ገብስ ስለሆነ እሳት አያስፈልገውም። ለቅኔ ትምህርት ወደ ዋሸራ የሚወርደው የቆሎ ተማሪ ያዘለው ስንቅ ነው፤ ነጋዴውም ወታደሩም ኖሮበታል። በጨውና በውሃ የታሸ ጭብጦ እንደሆነ ብዙ ልጅ ያውቀዋል፤ ጣፋጭ ሊሆን እንደሚችል ግን አይነገረውም። ሦስት ኩባያ በሶ፣ አንድ ኩባያ ማር፣ ግማሽ ኩባያ የተቆላና የተወቀጠ ኑግ፣ ቁንጥር ጨው ይበቃል። ማሩ ከረጋ ዕቃው ለብ ያለ ውሃ ውስጥ ትንሽ ይቀመጥ። በሶው ላይ ማሩ ቀስ እያለ ይፈስሳል፤ መጀመሪያ ይፈረፈራል፣ የሚሆን አይመስልም። እዚህ ላይ ውሃ አብዝቶ መጨመር ነው የሚያበላሸው፤ ውሃው በማንኪያ፣ አንድ ከዚያም አንድ እየተባለ ተጨምሮ ሲታሽ በድንገት ይያያዛል፤ መዳፍ ላይ መጣበቁንም ይተዋል። ከዚያ የእንቁላል አስኳል በሚያህል መጠን ማድቦልቦልና የኑጉን ዱቄት ማልበስ ነው። ማር ለተወደደበት ቤት በደንብ የበሰለ ሙዝ ተደፍጥጦ ግማሹን ቦታ ይተካል። አገልግሉ ውስጥ ኮባ ቅጠል አንጥፎ መደርደር ነው፤ እስከ ማግስቱ ቢበላ ጥሩ ነው።

ኑጉ ሰሊጥ ሊሆን ይችላል፤ ግን ለዚህ አገር ኑጉ ይሻላል። መስከረም ተጋምሶ ጥቅምት ሲገባ ማሳውን ቢጫ የሚያለብሰው እሱ ነው፤ ንቡም ከዚያ አበባ ይቀስማል። ቡሬ በ2013 ዓ.ም. በተመረቀው ትልቅ የፊቤላ የምግብ ዘይት ፋብሪካ ስሟ ይነሳል፤ ኑግ ከበሶ ጋር ተወቅጦ እንደሚበላ የሚያውቅ የከተማ ልጅ ግን እየሳሳ ነው።

ማርን በተመለከተ ሁለት ነገር መታወቅ አለበት። ዓመት ላልሞላው ሕፃን ማር አይሰጥም፤ ለሕፃን አንጀት አደገኛ የሆነ የባክቴሪያ ዘር ሊኖርበት ይችላል። ሌላው፣ ማርም ቢሆን ስኳር ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ2015 ባወጣው መመሪያ ምግብ ላይ ከሚጨመረው ስኳር ጋር ደምሮ ቆጥሮታል፤ ይህ ሁሉ በቀን ከምናገኘው ኃይል ከ10 በመቶ በታች እንዲሆንም መክሯል፤ ለአዋቂ 50 ግራም ገደማ መሆኑ ነው። አንድ 300 ሚሊ ሊትር ኮካ ኮላ ብቻውን 30 ግራም ያህል ይይዛል። በሶው ግን ከማሩ ጋር ገብሱን ይዞ ይመጣል፤ ሁለት ድቡልቡል የበላ ልጅ ይጠግባል። ለመጠጡ ብርዝ አለ፤ ማር በውሃ ተበጥብጦ ሳይፈላ የሚጠጣ፣ ቅጥነቱን ቤተሰቡ ራሱ የሚወስነው።

ዳቦ ቆሎ ሌላው ነው። ዱቄት፣ ዘይት፣ ጨው፣ ከተፈለገም ጥቂት ስኳር ጠንከር ተደርጎ ይታሻል፤ በጣት ውፍረት ተድቦልቡሎ በቢላ ይከተከታል፤ ምጣድ ላይ ይታመሳል። እሳት ቢፈልግም መቆራረጡ የልጆች ሥራ ነው፤ ከደረቀ ለሳምንታት ይቆያል። ጠንካራ ስለሆነ ለትንንሾቹ አይሰጥም፣ ጉሮሮ ላይ ሊቀር ይችላል።

ለእነሱ ፍራፍሬው አለ። አቮካዶ ለሁለት ተከፍሎ፣ ፍሬው ወጥቶ፣ ጎድጓዳው ላይ ሎሚ ተጨምቆ፣ ስኳር ቢነሰነስበት ሳህኑም እሱ ራሱ ነው፤ ማንኪያ ብቻ ይዞ መሄድ ነው። ማንጎና ፓፓያ ተደፍጥጠው ብርጭቆ ውስጥ ከአቮካዶ ጋር ቢነባበሩ ጭማቂ ቤት ስፕሪስ ተብሎ የሚሸጠው ይወጣል፤ መፍጫ ማሽን አያስፈልግም፣ ሹካ ይበቃል። ቡሬ በመጀመሪያው ዙር ከተመረጡት አራት የአገሪቱ የተቀናጁ የግብርና ኢንዱስትሪ ፓርኮች አንዱን ይዛለች፤ የአካባቢው ፍሬ ታሽጎ ሩቅ አገር ቢሄድ ደስ ይላል። እስከዚያው ግን ጓሮው ውስጥ ያለው ማንጎ ወድቆ እየበሰበሰ ለልጅ ልደት የታሸገ ጭማቂ መግዛት ያሳዝናል።

ትልቁ ነገር ወቅቱን መያዝ ነው። ነሐሴ ሲገባደድና መስከረም ሲጠባ የበቆሎው እሸት ይደርሳል፤ የዚያን ጊዜ ከሰል ብቻ ይዞ መውጣት ይቻላል። በጥቅምትና በኅዳር ማር ይቆረጣል። ታኅሣሥና ጥር የሽምብራ እሸት ነው፤ ከነግንዱ ተነቅሎ እየተፈለፈለ ሲበላ ማጣጣሚያ የማያሰኘው ጣዕም የለም። በሙስሊም ጎረቤት ቤት ለዒድ ሙሸበክና ሐላዋ ሲቀርብ ደግሞ የሰፈሩ ልጅ ሁሉ ሃይማኖት ሳይለይ በር ላይ ነው፤ ያም የቤተሰብ መሰባሰብ ነው።

አባትየው እሑድ ከቅዳሴ መልስ በሶውን ይነፋል። ትልቋ ልጅ ማሩን ታፈሳለች፣ ታናሽየው ውሃውን በማንኪያ ይቆጥራል፤ አራት ካለ በኋላ ተሳስቶ እንደገና አራት ይላል። እናትየዋ ተቀምጣ ቡና ትጠጣለች። አገልግሉ ከሚስማሩ ወርዶ ፀሐይ ላይ ክዳኑን ከፍቶ ይጠብቃል። ወንዙ ዳር እስኪደርሱ ድረስ ስንት ድቡልቡል ከውስጡ እንደጎደለ የሚያሳብቅባቸው ግን በኑግ የጠቆረ ከንፈራቸው ነው።