የአሮጌ መሣሪያ ዕድሜ በመለዋወጫው ይለካል

ሰው በእጁ የሠራው ነገር ሁሉ ማርጀቱ የማይቀር መሆኑ ግልጥ ነው። ነገር ግን ማርጀትና መሞት አንድ አይደሉም። አርጅቶ የሚያገለግል መሣሪያ አለ፤ ጕልበቱ ሳያልቅ የሚጣል መሣሪያም አለ። በሁለቱ መካከል ያለውን ልዩነት የሚያመጣው የብረቱ ጥንካሬ ብቻ አይደለም፤ ሲበላሽ የሚተካ ዕቃና መተካቱን የሚያውቅ ሰው መገኘቱ ነው እንጂ። ይህም ነገር ጐልቶ ከሚታይባቸው መሣሪያዎች አንዱ በኤውሮጳና በአሜሪካ ደኖች ብዙ ዘመን ሲሠራበት የኖረው፥ በሞተር የሚንቀሳቀሰው የሰንሰለት መጋዝ ነው።

የዚህ መጋዝ ታሪክ አጭር ነው፤ በዚህም ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ ኤውሮጳ አቈጣጠር ናቸው። በጀርመን አገር አንድሬአስ ሽቲል በ1926 በኤሌክትሪክ የሚሠራ የሰንሰለት መጋዝ አወጣ፤ በ1929 ደግሞ በቤንዚን የሚሠራውን አቀረበ። ይህ የቤንዚን መጋዝ 46 ኪሎ ይመዝን ስለ ነበር ሁለት ሰዎች ከሁለት ወገን ይዘው ይሠሩበት ነበር። በ1946 በአሜሪካ ኦሪገን ጆሴፍ ኮክስ የተባለው እንጨት ቈራጭ፥ ትል ግንዱን ወደ ግራና ወደ ቀኝ እያኘከ ሲበላው ተመልክቶ፥ የሰንሰለቱን ጥርስ በትሉ መንጋጋ አምሳል ሠራ፤ በማግሥቱም ዓመት ይህን ሰንሰለት የሚያወጣ ኩባንያ በፖርትላንድ ከተማ አቋቋመ። በ1949 ደግሞ የማክሎክ ኩባንያ ክብደቱ 25 ፓውንድ፥ ማለት 11 ኪሎ ያህል የሆነውን መጋዝ ለገበያ አወጣ፤ እንዲህ ባለው መጋዝም አንድ ሰው ብቻውን ዛፍ ለመጣል ቻለ። በ1959 የሽቲል «ኮንትራ» እና የስዊድኑ ሁስክቫርና የመጀመሪያ መጋዝ ወጡ።

ከእነዚያ ዘመናት መጋዞች ብዙዎቹ ዛሬም በገበሬዎች ጎተራና በጋራዦች ጥግ ይገኛሉ። አካላቸው ከማግኒዝየም የተሠራ፥ ዘንጋቸው ጠንካራ ብረት ነው። ታዲያ ለምን ዝም አሉ ቢባል፥ ምክንያቱ ብዙ ጊዜ ከትልቁ ብረት አይደለም፤ ከትንሹ ላስቲክ ነው። መጋዙ ወደ ጐን ቢያዘነብልም ወደ ታች ቢደፋም ሥራውን እንዳያቋርጥ፥ በካርቡራተሩ ውስጥ ቤንዚኑን የሚመጥነው አንድ ስስ የላስቲክ ሽፋን ነው። ይህ ሽፋን ሲደርቅ ሞተሩ ቤንዚን ያጣል። ከታንኩ የሚነሣው የቤንዚን ቱቦም እንዲሁ ይደርቃል፥ ይሰነጠቃል፤ ይልቁንም በአሜሪካ እንደሚሸጠው ቤንዚን እስከ 10 በመቶ አልኮል የተቀላቀለበት እንደሆነ፥ ለእንዲህ ያለው ነዳጅ ያልተሠራውን የጥንት ላስቲክ ፈጥኖ ያበላሸዋል።

ከዚህም የሚከፋ አለ። ዘንጉ ከሞተሩ በሚወጣባቸው በሁለቱ ጐኖች አየር እንዳይገባ የሚከለክሉ የላስቲክ ቀለበቶች አሉ። እነርሱ ከደረቁ አየር ሾልኮ ይገባል። አየር ሲበዛ ቤንዚኑ፥ ከቤንዚኑም ጋር የተቀላቀለው ዘይት መጠኑ ያንሳል። ዘይት ያነሰው ፒስተን ይግላል፤ ሲሊንደሩንም ይቧጭረዋል። ስለዚህ አሮጌ መጋዝ አግኝቶ ሳይመረምር ገመዱን እየሳበ ለማስነሣት የሚቸኵል ሰው፥ በጥቂት ገንዘብ የሚገዛውን ላስቲክ ለመቈጠብ ሲል በብዙ ፍለጋ የማይገኘውን ፒስተን ያጠፋል። ሳይቃጠል በቅጠል የተባለው ምክር እዚህ ላይ በግልጥ ይሠራል።

የመለዋወጫው ፍለጋ በሁለት መንገድ ይከፈላል። የመጀመሪያው በዓለም ሁሉ በታወቀ ልክ የሚሠራው ዕቃ ነው። ኩሽኔታ በላዩ የተጻፈ ቍጥር አለው፤ መጋዙን የሠራው ኩባንያ ቢጠፋም ያንኑ ቍጥር የያዘ ኩሽኔታ ከማንኛውም ሻጭ ይገኛል። የዘንጉ የላስቲክ ቀለበት በውስጡ ስፋት፥ በውጩ ስፋትና በውፍረቱ ተለክቶ ይታዘዛል። ፋሻ የሚባሉት የፒስተን ቀለበቶችም በስፋታቸውና በውፍረታቸው ይፈለጋሉ። ካንዴላም እንዲሁ ነው። እሳት የሚሰጠው ፑንቲና ቢበላሽና ምትኩ ቢታጣ፥ በእርሱ ፈንታ አነስተኛ የኤሌክትሮኒክ ዕቃ ማስገባት ይቻላል። በብዙ ትልልቅ መጋዞች ላይ የነበረው የግማሽ ኢንች ሰንሰለት በገበያ እምብዛም ባይታይም፥ ሰንሰለቱን የሚነዳውን ጥርሳም መዘውርና የመጋዙን ምላስ በመለወጥ ዛሬ የሚሠራውን ሰንሰለት ማልበስ ይቻላል። ሁለተኛው ግን ለአንድ ዓይነት መጋዝ ብቻ ተብሎ የተሠራው ዕቃ ነው፤ ይኸውም ሲሊንደሩ፥ ፒስተኑ፥ የማግኒዝየሙ አካል፥ የታንኩ ክዳንና የገመዱ ማስነሻ ነው። ይህን ለማግኘት ብዙ ጊዜ ያለው መንገድ አንድ ብቻ ነው፤ አንዱን ለማዳን ሌላውን ተመሳሳይ መጋዝ መፍታት። እንዲህም ሲደረግ በእያንዳንዱ ዕድሳት የቀሩት መጋዞች ቍጥር ይቀንሳል እንጂ አይጨምርም።

የዚህ ችግር ሥር ከፋብሪካዎቹ ዕጣ ጋር የተያያዘ ነው። ማክሎክ በ1999 በአሜሪካ ከሰረ፤ ስሙንም ሌሎች ገዙት። በ1921 የተመሠረተው ሆምላይት በ1955 ለቴክስትሮን፥ በ1994 ለጆን ዲር፥ በ2001 ደግሞ ለሌላ ኩባንያ ተላልፏል። በእንዲህ ያለው ሽያጭ ስሙ ይሻገራል፤ የአሮጌውን መጋዝ መለዋወጫ የመሥራት ግዴታ ግን ከስሙ ጋር አይሻገርም። ከአባቱ መጋዙን የወረሰ ገበሬ የዚያው ስም የተጻፈበት አዲስ መጋዝ በሱቅ ተሰቅሎ ሲያይ፥ ለእርሱ የሚሆን ክዳን ግን አያገኝም። በአንጻሩ የካርቡራተር ሠሪው ቲሎትሰን፥ መጀመሪያ በአሜሪካ በቶሌዶ የነበረው በኋላም ወደ አየርላንድ የተሻገረው፥ ለጥንቱ «ኤች ኤል» ካርቡራተር የሚሆነውን የላስቲክ ሽፋን ማቅረቡን አልተወም። ስለዚህ ነገሩ ፈቃድና ሥርዓት የሚጠይቅ እንጂ የማይቻል እንዳልሆነ ከዚህ ይታወቃል።

በዚህ ላይ ተቃውሞ የሚያቀርቡ አሉ። ፋብሪካ የሰባ ዓመት መለዋወጫ በመጋዘን አከማችቶ ሊኖር አይችልም ይላሉ፤ እውነት ነው። ነገር ግን ከፋብሪካው የሚፈለገው ክምችቱ አይደለም፤ ዕውቀቱ ነው። አንድ ኩባንያ የአንድን መሣሪያ መለዋወጫ መሥራት በተወ ጊዜ የዕቃዎቹን ሥዕል፥ ልክና ዝርዝር ለሕዝብ ቢተው ምንም አይጐዳም። ሥዕሉ ካለ፥ በማንኛውም ከተማ ያለ ብረት ሠሪ የጐደለውን ዕቃ ለመቅረጽ ይችላል። ሥዕሉ ከጠፋ ግን የተሰበረውን ዕቃ እየለካ በግምት ይሠራል፤ ግምትም በፈጣን ሞተር ውስጥ አደገኛ ነው። የኤውሮጳ ኅብረት በ2024 ባወጣው ሕግ የአንዳንድ የቤት ዕቃዎች ሠሪዎች ዕቃቸውን እንዲጠግኑ አስገድዷል፤ የሰንሰለት መጋዝ ግን ከዝርዝሩ ውስጥ አልገባም።

ሌላው ተቃውሞ ከዚህ የበረታ ነው። አሮጌ መጋዝ ለሠራተኛው አደገኛ ነው ይባላል፤ ይህም ሐሰት አይደለም። የ1950ዎቹ መጋዞች፥ ምላሱ በድንገት ወደ ሠራተኛው ሲወረወር ሰንሰለቱን የሚያቆም ፍሬን የላቸውም፤ ንዝረቱን የሚያበርድ ላስቲክም የላቸውም። ብዙ ዓመት በእንዲህ ያለ መጋዝ የሠሩ ሰዎች ጣታቸው ደም እያጣ የሚነጣበት በሽታ አግኝቷቸዋል። ስለዚህ የታደሰውን መጋዝ ቀን ሙሉ ለሚሠራ ቅጥረኛ ማስያዝ ቍጠባ ሳይሆን ጭካኔ ነው። በእርሱ መሥራት የሚገባው አደጋውን ዐውቆ በፈቃዱ የሚይዘው፥ ለጥቂት ጊዜም የሚሠራበት ሰው ነው። ነገር ግን ይህ ለማደስ ልክ ይበጅለት የሚያሰኝ ነው እንጂ ዕድሳትን የሚያስነቅፍ አይደለም። ደግሞም የዛሬው አዲስ መጋዝ የነገ አሮጌ መሆኑን መርሳት አይገባም፤ ፍሬን ያለውም መጋዝ መለዋወጫ ሲያጣ ያው ይጣላል።

እንግዲህ ከዚህ ሁሉ የሚገኘው ትምህርት በማንኛውም አገር በሕዝብ ገንዘብ መሣሪያ ለሚገዙ ባለሥልጣኖች የሚሆን ነው። መሣሪያ በሚገዛበት ጊዜ ዋጋውንና ጕልበቱን ብቻ ሳይሆን፥ የመለዋወጫው ዝርዝርና የጥገናው መጽሐፍ አብሮ መምጣቱን መጠየቅ ይገባል። የመጣውም መጽሐፍ ከመሣሪያው እኩል መጠበቅ አለበት፤ መጋዝ ብዙ ዓመት ዝም ብሎ ተቀምጦ ይነሣል፥ የጠፋ መጽሐፍ ግን አይነሣም። የጥገና ሰው ልምዱን ለወጣት ሳያስተምር ቢያልፍ ያ ዕውቀት አብሮት ይቀበራል፤ ስለዚህ ከአንድ ዐዋቂ አጠገብ ሁልጊዜ አንድ ተማሪ መቆም ይገባዋል። ፋብሪካዎችም ሠርተው ከሸጡት ዕቃ ጋር ያላቸው ግዴታ በሽያጩ ቀን እንዳያበቃ ሕግ አውጪዎች ሊያስቡበት ይገባል። ጤነኛ ብረት በአንድ ላስቲክ ምክንያት ቢጣል፥ የወደቀው ብረቱ ብቻ አይደለም፤ የሠሪውም ድካም የገዢውም ገንዘብ አብሮ ወድቋል።