ለቤት ውስጥ የእንጨት ሥራ ኃይል ከየት?



እንደሚታወቀው ኢሉባቦር የደን አገር ናት። ከመቱ እስከ ጎሬ፣ ከሁሩሙ እስከ ያዮ ባሉት ከተሞች አልጋ፣ ቁም ሳጥን፣ በርና መስኮት የሚሠሩ ወጣቶች በየሰፈሩ አሉ። ብዙዎቹም የሚሠሩት በወላጆቻቸው ግቢ፣ በቆርቆሮ ዳስ ሥር ነው። ነቢዩ ዘከሪያ (ዐ.ሰ) አናጺ እንደነበሩ በሐዲስ ተነግሯልና ሙያው የሚያኮራ እንጂ የሚያሳፍር አይደለም።

ዳሩ ግን ደጋግመን የምናየው አንድ ነገር አለ። የቡና ገንዘብ ቤት ሲገባ አባት ለልጁ ትልቅ የመሰንጠቂያ ማሽን ያስጭንለታል። ማሽኑ ይደርሳል፤ ጎረቤት ተሰብስቦ ያያል። ማብሪያው ሲጫን ግን ሞተሩ ያጉረመርማል እንጂ አይዞርም። የቤቱም የጎረቤቱም አምፖል ይደበዝዛል። ጥቂት ሳምንታት ሲታገሉት ሞተሩ ይቃጠልና የዓመት ድካም ሸራ ለብሶ ይቀመጣል። ስለሆነም በዚህ ወር ዓምዳችን የምንነጋገረው ስለ ማሽኑ ሳይሆን ማሽኑን ስለሚያዞረው ኃይል ነው።

«መብራት እኮ አለ» የሚል አይጠፋም። እርግጥ ነው፣ በደጃችን የሶር ወንዝ አለ፤ 5 ሜጋ ዋት የሚያመነጨው የሶር ጣቢያ ለብዙ ዓመታት ከብሔራዊው መስመር ተለይቶ ለመቱና ለአካባቢዋ ከተሞች ሲያበራ ኖሯል። ጳጉሜን 4 ቀን 2017 የተመረቀው የሕዳሴ ግድብ ደግሞ 5,150 ሜጋ ዋት የማመንጨት አቅም አለው። ነገር ግን ግድቡ የቱንም ያህል ቢያመነጭ ለአናጺው የሚደርሰው በሰፈሩ ትራንስፎርመርና ከምሰሶው ወደ ቤቱ በገባችው ሽቦ ልክ ነው። ችግሩ ያለው እዚያ ነው።

እንግዲያው ገንዘብ ከመከፈሉ በፊት በሞተሩ ጎን የተለጠፈችውን ትንሽ ቆርቆሮ ማንበብ ያስፈልጋል። 380 ቮልት፣ ባለ ሦስት ፌዝ የሚል ከሆነ በቤት ቆጣሪ አይሠራም፤ የመኖሪያ ቤት መስመር በአብዛኛው 220 ቮልት ነጠላ ፌዝ ነው። ለጀማሪ የሚበቃው ባለ 2 የፈረስ ጉልበት ነጠላ ፌዝ ሞተር ሲሆን በሥራ ላይ ወደ 2 ኪሎ ዋት ይስባል። ይህም ከኤሌክትሪክ የእንጀራ ምጣድ ያነሰ ነው! ልዩነቱ ሞተር በሚነሳበት ቅጽበት 5 እና 6 እጥፍ የሚስብ መሆኑ ነው። ስለዚህ እናት በምትጋግርበት ሰዓት ልጅ መሰንጠቂያውን አያስነሳም። በዚህ ላይ መስማማት ከማናቸውም መሣሪያ ይረክሳል።

የሽቦው ነገር ብዙ ሰው የሚንቀው ነው። ዳሱ ከቆጣሪው 40 ሜትር ይርቃል እንበል። ባለ 1.5 ሚሊ ሜትር ካሬ የመዳብ ሽቦ ከተዘረጋ፣ ሞተሩ ወደ 11 አምፔር ሲስብ መንገድ ላይ 10 ቮልት ያህል ይቀራል፤ ሲነሳ ግን 50 ቮልት ያህል ይጠፋና ለሞተሩ የሚደርሰው 170 ብቻ ይሆናል። የሞተር ጉልበት ደግሞ ቮልቴጁ ሲወርድ በእጥፍ ድርብ ስለሚወርድ ከመነሻ ጉልበቱ የሚተርፈው ከመቶ 60 ያህል ነው። ማጉረምረሙ ይኸው ነው። በ4 ሚሊ ሜትር ካሬ ሽቦ ቢሆን ኖሮ ሲነሳ የሚጠፋው 20 ቮልት እንኳ አይሞላም። ለአዲስ ሞተር የሚወጣው ገንዘብ ብዙ ሜትር ወፍራም ሽቦ ይገዛል።

ሁለተኛው ቁጠባ በአሠራር ነው። አንድ ሞተር ቺንጋው እየተቀያየረ መሰንጠቂያውንም መላጊያውንም ማዞር ይችላል፤ ሁለቱ በአንድ ጊዜ አይሠሩምና ሁለት ሞተር አያስፈልግም። ቀኑን ሙሉ መለካት፣ ማስመርና በእጅ መሮ መጥረብ ይቻላል፤ የሚሰነጠቀው ሁሉ ተጠራቅሞ በአንድ ሰዓት ይሰነጠቃል። በዚህ አኳኋን የሚቆጠረው 2 ኪሎ ዋት ሰዓት ገደማ ነው። የመብራት ታሪፍ በ2011፣ ኋላም በ2017 ከፍ ማለቱና ፍጆታ በጨመረ ቁጥር የአንዱ ዋጋ የሚወደድ መሆኑ ሲታሰብ ልዩነቱ ቀላል አይደለም። ሳይቆጠር በስውር ከምሰሶ መጥለፍን ግን እንደ መፍትሔ አንቆጥረውም፤ የሌላው ሐቅ ነውና።

መብራት ሲጠፋስ? ብዙዎች ወደ ጄኔሬተር ይሮጣሉ። ባለ 2 የፈረስ ጉልበት ሞተር ለማስነሳት ጄኔሬተሩ ሞተሩ በሥራ ላይ ከሚጠይቀው 3 እጥፍ ያህል አቅም ያስፈልገዋል፤ ያን ያህል ጄኔሬተር ሥራ ፈትቶ ቢቆም እንኳ ቤንዚን ይጠጣል። እኛ የምንመርጠው የወፍጮ ቤቶችን ዘዴ ነው። የነዳጅ ሞተር መብራት አመንጭቶ፣ መብራቱ ሌላ ሞተር ከሚያዞር፣ ራሱ ሞተሩ መጋዙን በቺንጋ ያዙረው። በደቂቃ 1,500 የሚዞር ሞተር ላይ 20 ሳንቲ ሜትር መዘውር፣ በመጋዙ ዘንግ ላይ 10 ሳንቲ ሜትር ከተገጠመ መጋዙ 3,000 ይዞራል። መስመር ላልደረሰባቸው የገጠር ቀበሌዎች ከዚህ የተሻለ አናውቅም። ቺንጋው ግን በቆርቆሮ ይሸፈን፤ ጀለቢያም ሆነ ፎጣ ለብሶ አጠገቡ መቆም አይገባም። የሞተሩ ጭስ ሽታ የሌለው መርዝ ስላለበት በተዘጋ ክፍል ውስጥ ፈጽሞ አይነሳ።

የፀሐይ ኃይልን በተመለከተ በየሱቁ ብዙ ይወራል። በጎሬ በዓመት ወደ 2,000 ሚሊ ሜትር ዝናብ ይወርዳል፤ ክረምታችንም ረጅም ነው። በእንዲህ ያለ ሰማይ ሥር መሰንጠቂያ በፀሐይ ለማስነሳት የሚያስፈልገው ፓኔል፣ ባትሪና ኢንቨርተር ከማሽኑ ዋጋ ሊበልጥ ይችላል። አንድ ትንሽ ፓኔል ግን ለዳሱ አምፖልና በባትሪ ለሚሠራ መብሻ ይበቃል፤ መብራት በጠፋ ምሽት የተሰነጠቀውን ለመግጠምና ብሎን ለማሰር ከዚህ በላይ አያስፈልግም።