ምስጋናና ምስክርነት

በከተማችን በአዲስ አበባ ደቡባዊ ዳርቻ፣ አሮጌው የምድር ባቡር ሐዲድ ባለፈበትና የፋብሪካ ሠራተኛ በሰፈረበት በአቃቂ ቃሊቲ፣ በቻይና መንግሥት ርዳታ የታነጸው ጥሩነሽ ቤጂንግ ሆስፒታል ስያሜውን ያገኘው ጥሩነሽ ዲባባ በነሐሴ 2000 ዓ.ም. በቤጂንግ ኦሊምፒክ በ5,000 እና በ10,000 ሜትር ከተቀዳጀችው ድርብ ድል ነው። በዚያም ሆነ በሌሎቹ የአገራችን ሆስፒታሎች የተኛ ድውይ «የነርሶቹ አያያዝ እንዴት ነው?» ተብሎ ሲጠየቅ፣ ብዙውን ጊዜ የሚመልሰው «ተመስገን፣ ደኅና ናቸው፤ እግዜር ይስጣቸው» ብሎ ነው። ይህ ቃል ምስጋና እንጂ ምስክርነት አይደለም፤ ባለሥልጣናትም እንደ ምስክርነት መዝግበው ባይመኩበት ይሻላል እላለሁ።

ሕሙማንን መጠየቅ ከስድስቱ ቃላተ ወንጌል አንዱ መሆኑን ሲሰማ ያደገ ሰው፣ የተደረገለትን ሁሉ በምሕረት እንጂ በመብት ሚዛን አይመዝንም፤ ምሕረት ያደረገለትን መንቀፍም ነውር ይመስለዋል። ፍርሃትም አለበት፤ ዛሬ ያማረረባት ነርስ ነገ መርፌ ይዛ ትመጣለችና። ደግሞም ገላውን የሚያጥበው፣ እህል የሚያጎርሰው፣ ከሆስፒታሉ የታጣውን መድኃኒት ከውጭ ገዝቶ የሚያመጣው አስታማሚው ስለ ሆነ፣ ከነርሷ ሥራ ለሕመምተኛው ጎልቶ የሚታየው ፊቷና አንደበቷ ብቻ ነው። ጉሉኮሱ በልክ መውረዱን፣ ቁስሉ በንጹሕ እጅ መታሸጉን አያውቅም፤ «አባባ፣ እንዴት አደሩ?» መባሉንና «አንተ ባለ ሰባት ቁጥር!» ተብሎ መጠራቱን ግን ከማንም ይልቅ ያውቃል። ይህን ዕውቀቱን እንደ መሃይምነት የሚንቅ ሐኪም ይሳሳታል፤ የተዋረደ ሰው ሕመሙን ይደብቃልና።

ሙያው ወደ አገራችን ሲገባ የምሕረትን ካባ ለብሶ መግባቱም አልቀረም። ልዕልት ፀሐይ ኃይለ ሥላሴ በጣልያን ወረራ በስደቱ ዘመን በሎንዶን በግሬት ኦርመንድ ስትሪት የሕፃናት ሆስፒታል የነርስነትን ትምህርት ተምረው፣ ከድሉ በኋላ ወደ አገራቸው ተመልሰው በነሐሴ 1934 ዓ.ም. በነቀምት ገና በለጋ ዕድሜ ሲያርፉ፣ መታሰቢያቸው ሆስፒታል ሆነ። ይህ ለሙያው ታላቅ ክብር ሆነ፤ ነገር ግን ነርሷን ደመወዝተኛና ተጠያቂ ባለሙያ ሳይሆን ርኅሪት እመቤት አድርጎ የሚያይ ልማድንም ሳያጸና አልቀረም። በ2008 ዓ.ም. የተጀመረው የጤናው ዘርፍ ትራንስፎርሜሽን ዕቅድ እንኳ ከዐበይት አጀንዳዎቹ አንዱ ያደረገው ርኅሩኅና አክባሪ ባለሙያ ማፍራትን ነው። ርኅራኄ መልካም ነው፤ ሌሊቱን ሙሉ ተረኛ ሆና ለሞላው ክፍል ሁሉ ብቻዋን ለምትሮጥ ነርስ ግን በስብከት አይሰጣትም።

የሕመምተኛን አስተያየት ስለ ነርሶች አገልግሎት ለመለካት የአገራችን ተመራማሪዎች ደጋግመው የሚገለገሉበት የኒውካስል መለኪያ ሁለት ክፍል አለው፤ አንደኛው በ26 ዐረፍተ ነገሮች በተኙበት ጊዜ የሆነውን፣ ሁለተኛው በ19 ጥያቄዎች የሕመምተኛውን እርካታ ይመረምራል። ሁለተኛው ወደ አንድ የመቶኛ ቁጥር ስለሚጠቀለል ለሪፖርት ይመቻል፤ እኔ ግን የመጀመሪያውን አከብራለሁ። «ረክተዋል ወይ?» ለሚል ጥያቄ፣ ያውም ነጭ ጋውን የለበሰ ሰው ከአልጋው ራስጌ ቆሞ ሲያቀርበው፣ ከ«ተመስገን» በቀር ምን ይመለሳል? «ሌሊት ሲጣሩ ማን መጣ? ከምን ያህል ጊዜ በኋላ? የሚውጡት ክኒን ለምን እንደ ሆነ የነገረዎት አለ? በሚገባዎት ቋንቋስ ነው?» የሚለው ግን መልሱ ድርጊት ነው። ይህንም ሕመምተኛው ድኖ ቤቱ ከገባ በኋላ፣ ሆስፒታሉ ያልቀጠረው ሰው ቢጠይቀው፣ አስታማሚውም በበኩሉ ለብቻው ቢጠየቅ፣ የሁለቱ ቃል የሚገጥምበትና የሚለያይበት ስፍራ ለሆስፒታሉ አስተዳደር ከመቶኛው ይልቅ ብዙ ይነግረዋል።