ሥዕሉ ግራጫ ሲሆን ትምህርቱ አይጥፋ

እኛ ዕጩ መምህራን በምናዘጋጀው ድረ ገጽ ላይ ባለቀለም ሥዕል መደርደር እንወዳለን። መውደዱስ ባልከፋ ነበር! ግን ተማሪው እጅ የሚደርሰው ብዙ ጊዜ በጥቁርና ነጭ የታተመው ቅጂ ነው።

የልብን ሥዕል እንውሰድ። ኦክስጅን የያዘው ደም በቀይ፣ ያልያዘው በሰማያዊ ይቀባል። በሲኤስኤስ «ፊልተር» በሚለው ትእዛዝ «ግሬይስኬል» 100 ከመቶ ብለን ብንጽፍ ሥዕሉ ወዲያው ግራጫ ይሆናል። ስሌቱ ለአረንጓዴ 71.52፣ ለቀይ 21.26፣ ለሰማያዊ 7.22 ከመቶ ድርሻ ስለሚሰጥ ደማቁ ቀይም ደማቁ ሰማያዊም ጠቁረው ይመሳሰላሉ። ታዲያ ተማሪው ምኑን ከምኑ ይለየው?

አንዳንዶቻችን «ግራጫ ካደረግነው የኢንተርኔት ሂሳብ ይቀንሳል» እንላለን። ስህተት ነው። ትእዛዙ የሚለውጠው መልኩን እንጂ ፋይሉን አይደለም፤ ባለቀለሙ ፋይል እንዳለ ይወርዳል። ትልቁ ጥቅሙ ለመፈተሻ ነው፤ ትእዛዙን ስናነሳው ቀለሙ ይመለሳል።

ስለዚህ ሥዕሉን ለተማሪ ከመስጠታችን በፊት አንዴ በግራጫ እንየው። ትርጉሙ ከጠፋ በየክፍሉ ስም እንጻፍበት፣ ቀስት እንጨምርበት። ሳይቃጠል በቅጠል ነው። ቀለም ያስጌጥ፤ ማስተማሩን ግን ለቀለም ብቻ አንተውለት እንላለን።