የጣና ጤና በእምቦጭ ሄክታር ብቻ አይለካ
ግልጽ ደብዳቤ ለውሃና ኢነርጂ ሚኒስትር

ክቡር ሚኒስትር፣

ስለ ጣና ዜና በተነገረ ቁጥር የምንሰማው ያንኑ ነው፤ ይህን ያህል ሄክታር በእምቦጭ ተወረረ፣ ይህን ያህሉ ተነቀለ። አረሙ በ2004 ዓ.ም. አካባቢ ከታወቀ ወዲህ «ሐይቁ ተሻለው» ወይም «ባሰበት» የምንለው በዚሁ ነው። በጥቅምት 2013 ዓ.ም. ዘመቻ ደረቱ ድረስ ውሃ ውስጥ ገብቶ አረም የነቀለውን ገበሬ ድካም የማንኳሰስ ሐሳብ የለኝም። ነገር ግን የእምቦጭ ሄክታር የሐይቁን ጤና አይነግረንም።

እምቦጭ ተንሳፋፊ ነው። ቅጠሉ አየር ላይ ስለሚውል ፀሐይ ለማግኘት ውሃው እስኪጠራ አይጠብቅም። ነፋስ ዛሬ ካንዱ ዳርቻ አንስቶ ነገ ሌላው ላይ ይጥለዋል። ስለ ውሃው በትክክል የሚመሰክሩት ከታች ያሉት፣ መላ አካላቸው ውሃ ውስጥ ሆኖ ደለሉ ላይ ሥር የሰደዱት ዕፅዋት ናቸው። ቦታ አይቀይሩም፤ ብርሃን ሲያንሳቸው ከጥልቁ በኩል እየሳሱ ይጠፋሉ። ከሐይቁ በጠርሙስ የተቀዳ ናሙና የዚያን ዕለት ሁኔታ ነው የሚያሳየው፤ ዕፅዋቱ ግን የወራት፣ አንዳንዴም የዓመታት መዝገብ ናቸው።

ይህ አዲስ ነገር አይደለም። የአውሮፓ ኅብረት እ.ኤ.አ. በ2000 ያወጣው የውሃ መመሪያ አባል አገሮች የሐይቆቻቸውን ደረጃ ሲመዝኑ ከዓሣውና ከአልጌው ጋር የውሃ ዕፅዋቱንም እንዲያዩ ያስገድዳል። ጀርመን፣ ስዊዘርላንድና ኦስትሪያ የሚጋሩት የኮንስታንስ ሐይቅ እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ መጨረሻ በአንድ ሊትር ውሃ ከ80 ማይክሮግራም በላይ ፎስፈረስ ነበረበት። የከተሞቹ ፍሳሽ መጣራት ከጀመረ በኋላ መጠኑ ከ10 በታች ወረደ፤ ጥሩ ውሃ የሚወዱት ካራ የሚባሉ ዕፅዋትም ወደ ሐይቁ ወለል ተመለሱ። የተሐድሶው ምስክር እነሱ ሆኑ።

የእነሱን ሠንጠረዥ ገልብጠን ጣና ላይ እንለጥፍ ማለቴ ግን አይደለም፤ እንዲያ ብናደርግ እንሳሳታለን። የአውሮፓ ሐይቆች በአብዛኛው የሚደፈርሱት በአልጌ ነው። ጣናን ቡናማ የሚያደርገው ግን ርብ፣ ጉማራ፣ መገጭና ግልገል ዓባይ ክረምት በመጣ ቁጥር የሚያራግፉበት ደለል ነው። ሁለቱም ብርሃን ይጋርዳሉ፤ መድኃኒታቸው ግን አንድ አይደለም። ደለሉ እርከን ይፈልጋል፤ አልጌው ደግሞ የማዳበሪያና የከተማ ፍሳሽ ጉዳይ ነው። የዕፅዋቱ ዓይነትም መለየት አለበት። ጣና ውስጥ ከተመዘገቡት አንዱ ሴራቶፊለም ነው። ሥር ስለሌለው ምግቡን በቀጥታ ከውሃው ይወስዳል፣ ፍሳሽ በበዛበት ይደልባል፤ ስለዚህ መብዛቱ የምሥራች ላይሆን ይችላል። ወለሉ ላይ ሥር የሚሰደው፣ እንደ ጥብጣብ የረዘመ ቅጠል ያለው ቫሊስኔሪያ ሌላ ወሬ ይዞ ነው የሚመጣው። «አረንጓዴ በዛ» ብቻ የሚል ሪፖርት ሁለቱን ያምታታል።

ሥራው ውድ አይደለም። ጀልባ፣ ሜትር የተጻፈበት ገመድ፣ ገመዱ ጫፍ ላይ የታሰረ ባለ ሁለት ፊት የብረት መቧጠጫ፣ ከዓይን እስኪሰወር ወደ ውሃ የሚወርድ ነጭ ክብ ሰሌዳ ይበቃል። ሰሌዳው ከ1865 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በዓለም ያሉ የሐይቅ ተመራማሪዎች የሚጠቀሙበት ነው። ከዳር ወደ ውስጥ እየተሄደ መቧጠጫው ይጣላል፤ ይዞት የወጣው ይለያል፣ ብዛቱ ከ1 እስከ 5 ይመዘናል፣ የመጨረሻው ተክል የተገኘበት ጥልቀት ይጻፋል። ጣና በጣም ጠልቋል በሚባልበት ቦታ እንኳ 14 ሜትር ገደማ ነው። መረቡን የት ሣር እንደሚይዝበት፣ የትኛው ቦታ ከስንት ዓመት ወዲህ ባዶ እንደሆነ የሚያውቀው ዓሣ አጥማጁ ነው፤ ታንኳውን ይዞ ይምጣ፣ አበልም ይከፈለው። ዕፅዋቱን የሚለዩ ባለሙያዎች በባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲም በአዲስ አበባው ብሔራዊ ሄርባሪየምም አሉ።

አንድ ነገር ግን ከእርስዎ ቤት ይጠበቃል። የሐይቁን ከፍታ የጨራ ጨራው ግድብና የበለስ ኃይል ማመንጫ ከፍና ዝቅ ያደርጉታል። ውሃው ሲሸሽ ዳር ያለው ተክል ይደርቃል፤ ለካዩም ብክለት ነው ብሎ ሊጽፈው ይችላል። ስለዚህ የየዕለቱ ከፍታ መረጃ ለለካዮቹ ክፍት ይሁን። ውሃውም ኢነርጂውም በአንድ ሚኒስቴር ሥር በመሆናቸው ይህ ከባድ አይመስለኝም።

የምጠይቀው ይህ ነው። በመገጭና በርብ አፍ፣ የከተማው ፍሳሽ በሚደርስበት የባሕር ዳር ዳርቻ፣ ለማነጻጸሪያም በዘጌ በኩል ቋሚ የመለኪያ መስመሮች ይሰመሩ። ጸጥታው በፈቀደ መጠን በየዓመቱ በጋ ላይ በአንድ ወር ይለካ፤ ውጤቱም ከእምቦጩ ሄክታር ጎን ለሕዝብ ይገለጽ። ካልሆነ አረሙ ጨርሶ የተነቀለለት፣ ከሥሩ ግን አንድም ተክል የማይበቅልበት ድፍርስ ሐይቅ ይዘን በሪፖርት ላይ ድል ልንጽፍ እንችላለን። አረም ማጨጃ ማሽኖችም ያገኙትን ሁሉ ስለሚያፍሱ፣ በሚሠሩበት ቦታ ከሥር ምን እንደነበረ አስቀድሞ መታየት አለበት።

በሐምሌ ለሚጀምረው በጀት ዓመት ዕቅድ እንዲያዝለት፣ ኃላፊነቱም የሚኒስቴሩ፣ የተፋሰስ ጽሕፈት ቤቱ ወይስ የክልሉ መሆኑ በጽሑፍ እንዲገለጽልን በአክብሮት እጠይቃለሁ። ሐዋሳና ዝዋይም ተራቸውን እየጠበቁ ነው።

ከአክብሮት ጋር፣
አንድ የሥነ ሕይወት መምህር